ምዕራፍ 7፦ ሁሉ ሲያንስ ብርሃን አያንስም

ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሁለት ሐይቆች አንድ ተፋሰስ ይጋራሉ። ዝቅ ብሎ ያለው ሎጎ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው በገዳሙ ስም፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ እያለ ነው። ከእሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ 200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በተራራ ተከብቦ የተኛው አርዲቦ ነው። የአርዲቦ ስፋት ወደ 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቁ ቦታ ደግሞ 65 ሜትር ያህል ይወርዳል። ትርፍ ውሃውን የሚቀበለው ታችኛው ሎጎ ነው።

ይህን መሬት ጠረጴዛ ላይ ልናስቀምጠው ነው እንበል። በ1፡50,000 የታተመውን የአካባቢውን ካርታ አምስት እጥፍ አሳድገን በ1፡10,000 ሞዴል ሠራን። ፎሙ የከፍታ መስመሩን ተከትሎ ተቆርጦ ተደራረበ፤ ዕርከኑ በስቱኮ ተሞላ፤ በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ። ገደሉ ቡናማ፣ ማሳው ቢጫና አረንጓዴ፣ ሐይቁ ጥቁር ሰማያዊ ተቀባ። ቅርጹም ቀለሙም ልክ ነው። መብራት ሲበራ ግን ተራራውም ማሳውም ከውሃው እኩል ያብረቀርቃል። ተመልካቹ አርዲቦን ሳይሆን የተቀባ ፎም ያያል።

ምክንያቱ አንድ ነው። ሞዴል ስንሠራ ርዝመቱን፣ ከፍታውንና ጥልቀቱን በስኬሉ እናካፍላለን፤ ብርሃንን ግን ማካፈል አንችልም። ጠረጴዛው ላይ የሚያርፈው ብርሃን አርዲቦ ላይ ከሚያርፈው ጋር አንድ ነው። ከመሬቱ ጋር አብሮ ያነሰውና ከቀለሙ ሥር የጠፋው ሻካራነት ብቻ ነው፤ እሱን መልሶ የማምጣት ኃላፊነት የሠሪው ነው። ሞዴል ሠሪዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ የሚረጩት ቀለም የለሽ ማት ቫርኒሽ ለዚህ ነው የተፈጠረው። እንዴት እንደሚሠራ የገባው ሰው እንዴት እንደሚቀላቀልና እንደሚረጭ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም።

ብርሃን ወዴት ይመለሳል?

ብርሃን ከአየር መጥቶ ውሃ ወይም ቫርኒሽ ላይ ሲያርፍ ጥቂቱ ከላዩ ይመለሳል፤ የቀረው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከአናት ቀጥ ብሎ የወረደ ብርሃን ከሆነ ውሃ የሚመልሰው 2 ከመቶ፣ የደረቀ ቫርኒሽ ደግሞ 4 ከመቶ ያህሉን ነው። ብርሃኑ ወደ አግድም ሲያዘነብል ግን መጠኑ በፍጥነት ያድጋል። ከቋሚው መስመር 80 ዲግሪ አዘንብሎ የመጣ ብርሃን ውሃ ላይ ሲያርፍ ወደ 40 ከመቶው ይመለሳል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ አርዲቦ ዳር የቆመ ሰው እግሩ ሥር ጠጠሩን፣ ማዶ ደግሞ የተገለበጠውን ተራራ የሚያየው ለዚህ ነው።

የተመለሰው ብርሃን መልክ የሚወሰነው በፊቱ ልስላሴ ነው። ፊቱ ልሙጥ ከሆነ ብርሃኑ ተሰብስቦ በአንድ አቅጣጫ ይመለሳል፤ ቀለም ቤቶች ግሎስ የሚሉት ይህንን ነው። ፊቱ ሻካራ ከሆነ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ይህ ደግሞ ማት ነው። ልሙጥና ሻካራ ታዲያ በጣት ተዳስሰው አይለዩም። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ የተዉልን መለኪያ አለ፦ ብርሃኑ ከአናት ሲመጣ፣ የፊቱ ከፍታና ዝቅታ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት አንድ ስምንተኛ ካነሰ ያ ፊት ልሙጥ ነው። የአረንጓዴ ብርሃን ሞገድ 550 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ስምንተኛው 70 ናኖሜትር ይጠጋል። ይህ የሰው ፀጉር ውፍረት ሺህ ቦታ ተከፍሎ አንዱ እጅ እንደማለት ነው። ብርሃኑ ባዘነበለ ቁጥር መለኪያው ይላላል፤ 85 ዲግሪ ላይ 800 ናኖሜትር የሚጠጋ ከፍታና ዝቅታ ያለው ፊት እንኳ ልሙጥ መስሎ ያበራል።

የቀለም ፋብሪካዎች አንጸባራቂነትን በሦስት አንግሎች፣ በ20፣ በ60 እና በ85 ዲግሪ የሚለኩት በዚሁ ምክንያት ነው። መሣሪያው የሚስተካከለው በተወለወለ ጥቁር መስተዋት ሲሆን የመስተዋቱ ንባብ 100 ይባላል። በ60 ዲግሪ ከ10 በታች የተነበበ ፊት ወደ ማት ስለሚመደብ በ85 ዲግሪ ደግሞ ይፈተናል፤ ከአናት ሲታይ ደብዛዛ የሆነ ፊት በአግድም ሲታይ ማብራቱን የሚያጋልጠው ይህ አንግል ነው። መሣሪያ የሌለው ሰው ዓይኑን ከጠረጴዛው ጠርዝ እኩል ዝቅ አድርጎ፣ መስኮቱን ፊት ለፊት ይዞ ሞዴሉን ቢያይ ያንኑ ፈተና ያደርጋል።

ሐይቁ ራሱ ሁለቱንም መልክ በአንድ ቀን ያሳያል። ነፋስ ሲነሳ የውሃው ፊት ይሸበሸባል። እያንዳንዷ የሞገድ ጎን አሁንም ልሙጥ ናት፤ ነገር ግን ጎኖቹ ሁሉ ወደተለያየ አቅጣጫ ስለሚያዘነብሉ አንዱ የፀሐይ ምስል ተሰባብሮ ሰፊ ብልጭልጭታ ይሆናል። ቻርልስ ኮክስና ዋልተር መንክ የተባሉ ሁለት የባሕር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተሙት ጥናት ይህን ብልጭልጭታ ከአውሮፕላን በተነሡ ፎቶግራፎች ለክተው፣ ነፋሱ ሲበረታ የሞገዶቹ ዝንባሌ እንደሚጨምርና ብልጭታውም እንደሚሰፋ አሳይተዋል። ሞገዶቹን አንድ በአንድ መለየት ከማይቻልበት ርቀት ሲታይ ያ ውሃ ከፊል ደብዛዛ ሆኖ ይታያል። ማት ቫርኒሽም በሚሊ ሜትር ሺኛ የሚለካ ሽብሽብ ፊት ሆኖ የደረቀ ስስ ሽፋን ነው።

የስኬሉ ሒሳብ

በ1፡10,000 መሬት ላይ ያለው 1 ኪሎ ሜትር ጠረጴዛ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አርዲቦ ወደ 1,600 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ 65 ሜትር ጥልቀቱ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ ከሎጎ ጋር ያለው የከፍታ ልዩነት 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። 2 ሜትር የቆመ ማሽላ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ማረሻ የገለበጠው 10 ሳንቲ ሜትር ጓል 10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም የሚሊ ሜትር መቶኛ ይሆናል። ሐይቁ ዳር ያለ 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር 5 ማይክሮሜትር ይሆናል። በአካባቢው ያለችው የሐይቅ ከተማ ቤቶች የለበሱት ቆርቆሮ ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሞዴሉ ላይ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ይሆናል።

የብርሃን ሞገድ ግን እዚያም እዚህም 550 ናኖሜትር ነው። እውነተኛው ጓል ከብርሃን ሞገድ ከ180 ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ በስኬል የተቀነሰው ጓል 18 ጊዜ ብቻ። 18 ጊዜ መብለጡም ብርሃኑን ለመበተን ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ እንዲህ ያለ ጓል በብሩሽ የሚሠራ አለመኖሩ ነው። ፈሳሽ ቀለም ከመድረቁ በፊት ራሱን ያስተካክላል፤ ጉድጓዱን ይሞላል፣ ጉብታውን ይሸፍናል። ስለዚህ የተቀባው ማሳ ከአርዲቦ ማሳ ይልቅ ለአርዲቦ ውሃ የቀረበ ፊት ይዞ ይደርቃል።

ስኬሉ እጅግ ሲያንስ ደግሞ ፍጹም የሆነ እጅ እንኳ አያድንም። አገሪቱን በሙሉ በ1፡2,000,000 የሚያሳይ ሞዴል ላይ ያ 10 ሳንቲ ሜትር ጓል 50 ናኖሜትር ይሆናል፤ ይህ ከሬይሊ መለኪያ በታች ነው። የታረሰው ማሳ እያንዳንዱ ጓል ሳይጎድል ተቀርጾ ቢቀመጥ እንኳ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። እንዲህ ባለ ሞዴል ላይ ለዓይን ታማኝ መሆን የሚቻለው ከስኬሉ በላይ የተጋነነ ሻካራነት በመጨመር ብቻ ነው።

ትልልቅ ሞዴሎችም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። በሉዊ 14ኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1668 ጀምሮ በፈረንሳይ የተሠሩት የምሽግ ከተሞች ሞዴሎች 1፡600 ነበሩ፤ ሠሪዎቹ ለመሬቱና ለዛፉ አሸዋ፣ ሐርና ወረቀት ይጠቀሙ ነበር። እነዚህ ሁሉ ቀድሞውኑ ሻካራ የሆኑ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ተቋም ከተከፈተ ወዲህ የሕንጻ ሞዴል በአገራችን የአርክቴክቸር ተማሪዎች የዘወትር ሥራ ሆኗል። ካርቶንና ቀላል እንጨት ሳይቀቡ ሲቀሩ ለዓይን የሚስማሙት ቃጫቸው ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ሲቀቡ ግን ያው ችግር ይመጣል፦ በ1፡100 ሞዴል ላይ የልስኑ 1 ሚሊ ሜትር አሸዋ 10 ማይክሮሜትር መሆን ሲገባው ከቀለሙ ሥር ይሰምጣል።

ከሐይቁ ግርጌ ያለው ቅመም

ቫርኒሽን ማት የሚያደርገው ዋናው ነገር ሲሊካ ነው። ከአሸዋ ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ቢሆንም ለቀለም የሚዘጋጀው ክሪስታል ያልሆነውና እጅግ የደቀቀው ነው፤ ቅንጣቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር ነው። ከላይ ያሰላነው ጓልና ጠጠር በ1፡10,000 የወረዱበት ልክ በዚሁ መካከል ይገኛል።

ፋብሪካዎች ይህን ዱቄት የሚያወጡት በአብዛኛው ሶዲየም ሲሊኬትን ከአሲድ ጋር በማገናኘት ነው። ተፈጥሮም የራሷ አሠራር አላት። ዳያቶም የሚባሉት በዓይን የማይታዩ የውሃ ውስጥ ዋቅላሚዎች በውሃ የሟሟውን ሲሊካ እየሳቡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቅርፊት ይሠራሉ። ሲሞቱ ቅርፊታቸው ወደ ግርጌ ይወርዳል። ከሎጎ ሐይቅ ግርጌ በተቆፈረ ደለል ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ በእነዚህ ቅርፊቶች አማካይነት ከ15 ሺህ ዓመት በላይ የሆነውን የአካባቢውን የእርጥበትና የድርቅ ታሪክ አንብቧል። ቅርፊቱ ብዙ ዘመን ተከማችቶ ሲጠጥር ዳያቶማይት የሚባል ነጭ ቀላል ድንጋይ ይሆናል፤ በስምጥ ሸለቆ በአዳሚ ቱሉ አካባቢ ይገኛል። ዳያቶማይት ተፈጭቶ ቀለምን ለማደብዘዝ ያገለግላል።

ይህ ማለት ግን ከሐይቅ ዳር ጭቃ ዝቆ ቫርኒሽ ውስጥ መጨመር ይቻላል ማለት አይደለም፤ ምክንያቱን ማወቅ ሲሊካ ለምን እንደተመረጠ ያስረዳል። ሲሊካ ብርሃንን የሚያጥፍበት ልክ 1.46 ገደማ ነው፤ የደረቀ አክሪሊክ 1.49 ገደማ። ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር እምብዛም አይመለስም፤ ቅንጣቱ ቫርኒሹ ውስጥ ሆኖ ለዓይን ይጠፋል። የደለል ጭቃ ግን ሸክላ፣ ኖራና የበሰበሰ ዕፅ አለው። ኖራ ብርሃንን የሚያጥፍበት ልክ ከ1.6 የማይርቅ ስለሆነ ቫርኒሹ ውስጥ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ዕፁም ያቆሽሸዋል። የምንፈልገው ከላይ ሲሆን የሚሻክር፣ ከውስጥ ሲሆን የማይታይ ቅንጣት ነው።

ሽፋኑ ሲደርቅ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሲረጭ ርጥብ ስለሆነ ሲሊካውን አስምጦ ያበራል። ውሃው ወይም ቲነሩ ሲተን ሽፋኑ እየሳሳ ይወርዳል፤ ቅንጣቶቹ ግን መሳሳት አይችሉም። ስለዚህ ከላይ ስስ የቫርኒሽ ቆዳ ለብሰው ብቅ ብቅ ይላሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ብርሃኑ ከጠርዝ ወደ መሃል ሲደበዝዝ በዓይን ይታያል። ሽፋኑ ከመጠን በላይ ከወፈረ ቅንጣቶቹ ከሥር ተቀብረው ይቀራሉ፤ እዚያ ቦታ ላይ ግሎሱ ተመልሶ ይመጣል። ማት ቫርኒሽ በስሱ የሚረጨው በዚህ ምክንያት ነው።

ማያያዣው ሲያንስ

ማት የሚገኝበት ሌላም መንገድ አለ፤ እሱም ሎጎ ዳር ሲሠራበት የኖረ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሩት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትልቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ነበር፤ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው ባለ ሥዕል ወንጌላቸውም ይታወቃል። ብራና ላይ የሚቀባ ቀለም ብዙ የቀለም ዱቄትና ጥቂት ማያያዣ ነው። ማያያዣው በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ መሙላት ሲያቅተው የላይኛው ፊት ሻካራ ሆኖ ይደርቃል፤ ሥዕሉ ከየትኛውም ወገን ሲታይ ቀለሙ ያው ነው።

ቫርኒሽ ላይ ግን ይኸው ነገር አደጋ ነው። ሲሊካው ከበዛ ማያያዣው አይበቃውም፤ በቅንጣቶቹ መካከል አየር ይቀራል። አየር ብርሃንን የሚያጥፍበት ልክ 1 ስለሆነ ከሲሊካው ጋር በጣም ይራራቃል፤ እያንዳንዱ ክፍተት ብርሃን ይበትናል፤ ሥራው ውርጭ የመታው ይመስላል። እንዲህ ሲሆን መፋቅ አያስፈልግም። ስስ የግሎስ ሽፋን ሲረጭበት ክፍተቱን ሞልቶ አየሩን ያስወጣል፤ ንጣቱ ይጠፋል። ከደረቀ በኋላ ሲሊካው በቀነሰ ውህድ እንደገና ማት ይደረጋል።

ማት የሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ ነጣ ይላል። አርዲቦ ዳር ያለ ጥቁር የባዛልት ድንጋይ ከውሃ ሲወጣ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ግራጫ ይሆናል። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ ፊቱን ያለሰለሰው ውሃ ሲሄድ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ተበትኖ ከጥቁሩ ላይ ነጭ ጭጋግ ጨመረበት። ስለዚህ ገደሉንና የዋልካውን መሬት ስንቀባ ከምንፈልገው አንድ ደረጃ አጥቁረን መቀባት አለብን፤ ቀሪውን ማቱ ያነጣዋል። ቢጫና ነጭ ቀለም ግን ብዙም ስለማይለወጥ እንዳለ ይቀባል።

መቀላቀል

ለፎም ሞዴል የሚሆነው በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ቫርኒሽ ነው። በቲነር የሚቀጥን ላኬ ለእንጨት ዕቃ ጥሩ ቢሆንም ፎሙን ያሟሟዋል፤ የቀለም ሽፋኑ አንዲት ቀዳዳ ካለችው ቲነሩ በዚያ ገብቶ ተራራውን ከውስጥ ይበላዋል። በቆርቆሮ የሚሸጠው ስፕሬይም ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ አሟሚ ስላለው መጀመሪያ በተረፈ ቁራጭ ላይ መሞከር አለበት።

ሲሊካውን በደረቅ ዱቄት መልክ ከመጨመር ይልቅ ቀድሞ በፈሳሽ የተበተነውን፣ ማት ቤዝ ተብሎ የሚሸጠውን መጠቀም ይሻላል፤ ደረቁ ዱቄት ስለሚጓጉል በእጅ አይፈታም። ዱቄቱን መጠቀም ግድ ከሆነ ማስክ ማድረግ ያስፈልጋል። በተለይ በከፍተኛ ሙቀት የተቃጠለ ዳያቶማይት ሳንባን የሚጎዳ ክሪስታል ሲሊካ ስለሚይዝ ቤት ውስጥ መበተን የለበትም።

መጠኑ እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ሲጨመር እንጂ ሲቀነስ አይገኝም። ስለዚህ ከትንሽ እንጀምር። ጥቁር የተቀቡ የፕላስቲክ ማንኪያዎች እናዘጋጅ፤ ጥቁር የተመረጠው የቀረውን ብርሃንም የመጣውን ውርጭም እኩል ስለሚያጋልጥ ነው። በአንዱ ማንኪያ ላይ 20 እጅ ግሎስ ቫርኒሽ ከ1 እጅ ማት ቤዝ፣ በሁለተኛው 10 ከ1፣ በሦስተኛው 5 ከ1 እንቀባ። የማት ቤዙ ብርታት እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ የምናምነው እነዚህን ማንኪያዎች ነው። ሲደርቁ ከአናትም፣ ከጠርዝ በአግድምም እንያቸው። ከጀርባቸው መጠኑን ጽፈን ብናስቀምጣቸው ለሚቀጥለው ሥራ መዝገብ ይሆኑናል።

ውህዱ በዝግታ ይማሰላል እንጂ አይናጥም፤ አረፋው ደርቆ ጉድጓድ ይተዋል። አረፋው እስኪጠፋ አስቀምጠን በናይለን ካልሲ እናጥልለው። ሲሊካ ከቫርኒሹ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ መርጫው ውስጥ ያለውን ውህድ በየመሃሉ ያላማሰለ ሰው የሞዴሉን አንድ ጫፍ ግሎስ፣ ሌላውን ውርጭ አድርጎ ይጨርሳል።

መርጨት

ብሩሽ መንገዱን ጥሎ ስለሚያልፍ ለሰፊ መሬት ኤርብረሽ ወይም የቀለም መርጫ ይመረጣል። ርቀቱ ሚዛን ይፈልጋል። ከቀረበ ሽፋኑ ወፍሮ ይፈስሳል፤ ቅንጣቱም ይሰምጣል። ከራቀ ነጠብጣቡ አየር ላይ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ያርፋል፤ እጅ ሲነካው ይራገፋል። ሲያርፍ ርጥብ ሆኖ የሚታይ፣ ግን የማይፈስስ ሽፋን ትክክለኛው ነው። እጃችንን ከሞዴሉ ጠርዝ ውጪ ጀምረን ከጠርዝ ውጪ እንጨርስ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነጠብጣብ ሁልጊዜ ትልቅ ነው። አንዱ ዙር ሲደርቅ ሁለተኛውን መጀመሪያ በሄድንበት አቋራጭ እንርጭ።

የአየሩ ሁኔታም ሠራተኛ ነው። አሟሚ ሲተን ፊቱን ያቀዘቅዘዋል። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ እርጥበት በተሸከመበት ሰዓት የቀዘቀዘው ፊት ላይ ጤዛ ያርፋል፤ ጤዛው ከላኬው ጋር ተደባልቆ ነጭ ደመና ይሆናል። ይህ በቶሎ በሚተን ቲነር ላይ ይብሳል፤ በውሃ በሚቀጥነው ላይ ደግሞ እርጥበቱ መድረቁን ያጓትታል፣ አቧራም ይሰበስባል። በክረምት መርጨት ግድ ሲሆን ዝናቡ አባርቶ አየሩ የሞቀበትን ሰዓት መጠበቅ፣ መስኮት መክፈትና ሞዴሉን ቀድሞ የክፍሉን ሙቀት እንዲይዝ ማድረግ ይጠቅማል።

የቦታ ስም የተጻፈበት ተለጣፊ ካለ ተራው ይህ ነው፦ ቀለም፣ ከዚያ ግሎስ፣ ከዚያ ተለጣፊው፣ ከዚያ ማቱ። ተለጣፊ ሻካራ ፊት ላይ ሲለጠፍ ከሥሩ አየር ይቀራል፤ አየሩም እንደ ብር እያበራ የተለጣፊውን ጠርዝ ያሳብቃል። ግሎሱ አየር እንዳይቀር ያደርጋል፤ በመጨረሻ የሚመጣው ማት ደግሞ ስሙንና መሬቱን በአንድ ፊት ይሸፍናቸዋል።

ውሃው መጨረሻ ነው

አርዲቦ ራሱ የሚሠራው ማቱ ሁሉ ደርቆ ካለቀ በኋላ ነው። አስቀድሞ ቢሠራ የሚበተነው የቫርኒሽ ጉም ውሃው ላይ አርፎ ያደበዝዘዋል። ሻካራነት በእጅ የሚሠራ ነገር ነው፤ ልሙጥነትን ግን ፈሳሹ ራሱ ይሠራዋል። ጠረጴዛው ውሃ ልክ ከሆነና ግሎሱ ቀጭን ሆኖ ከፈሰሰ፣ የፈሳሹ የፊት ውጥረት ማንም እጅ ሊደርስበት በማይችል ልክ ያስተካክለዋል። ግልጽ ኢፖክሲ በስሱ፣ ደረጃ በደረጃ ማፍሰስ ይቻላል፤ እስኪጠነክር ከአቧራ ይከደናል።

በውሃውና በመሬቱ መካከል ያለው ጠርዝ ከሁለቱም ይለያል። ርጥብ ጭቃና ፊላ የበቀለበት ረግረግ ከማሳው ይልቅ ያበራል፤ ከውሃው ግን ያነሰ። ለዚህ ሲሊካው በጣም ያነሰ ውህድ፣ ለምሳሌ 20 ከ1 ከሆነውም የቀለለው፣ በትንሽ ብሩሽ በቀጭኑ ይቀባል። አዲስ ቆርቆሮ የለበሱ ጣሪያዎችም ይህንኑ ውህድ ይፈልጋሉ። ነፋስ የሚበዛበትን ሰዓት ለማሳየት የፈለገ ሰው ደግሞ ሐይቁን ሙሉ ግሎስ ከማድረግ ከፊል ደብዛዛ ቢያደርገው አይሳሳትም፤ 2 ሳንቲ ሜትር የሚነሳ ሞገድ በዚህ ስኬል 2 ማይክሮሜትር ነው፣ ይህም የሲሊካው ቅንጣት ልክ ነው።

ማት ለምን ይጠቅማል?

የማት ፊት ጥቅም ከውበት ያልፋል። የሒሳብ ሊቁ ዮሃን ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1760 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስቀመጠው፣ ብርሃንን በእኩል የሚበትን ፊት የሚደምቀው ወደ ብርሃኑ ባዘነበለበት ልክ ነው፤ ተመልካቹ የትም ቢቆም ድምቀቱ አይለወጥም። ግሎስ ፊት ላይ የምናየው የመብራቱን ቦታ ነው። ማት ፊት ላይ የምናየው የመሬቱን ዝንባሌ ነው።

ስለዚህ ማቱ በትክክል የተረጨበትን የአርዲቦ ሞዴል ክፍሉን አጨልመን በአንድ ወገን መብራት ብናበራበት፣ የትኛው ቁልቁለት ዳገታማ፣ የትኛው ለጥ ያለ እንደሆነ ከጥላው እናነባለን። ጎርፍ የሚወርድበት ሸለቆ፣ ደለል ወደ ሐይቁ የሚገባበት አፍ፣ እርከን የሚያስፈልገው ገመገም ይለያል። ሐይቅ ከተማ ያለ ተማሪ ወይም አምባሰል ውስጥ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ እንዲህ ያለውን ሞዴል በጣቱ እያሳየ ከገበሬው ጋር ሊወያይበት ይችላል። ግሎስ የለበሰ ተራራ ላይ ግን ሁለቱም የሚያዩት የአምፖሉን ብልጭታ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ሞዴል ላይ መርጫውን ከማንሳታችን በፊት ለእያንዳንዱ ፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ የእውነተኛው ነገር ሻካራነት ስንት ነው፣ በስኬሉ ሲካፈልስ ስንት ይሆናል? መልሱ ከጥቂት ማይክሮሜትር እስከ አሥር ከሆነ ማት እንረጫለን፤ በመካከል ላለው ሲሊካውን እንቀንሳለን፤ ዝም ላለ ውሃ ግሎስ እንተዋለን። ለመሬት ሁሉ አንድ ማት፣ ለሁሉም ነገር አንድ ቫርኒሽ የሚረጭ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ትቶታል። ቅርጹን በትዕግሥት ለቀረጸ ሰው ይህችን የመጨረሻ ሒሳብ መሥራት ከባድ አይደለም፤ የቀረጸው ሁሉ ለዓይን የሚታየውም በእሷ ነው።